አናማ ጽዋ ተቀበለች

ሰው ማብላት እንወዳለን። ይህን ማንም አይክድም። እንግዳ ከመጣ ጎረቤት ይጠራል፣ ያልታሰበ ወጥ ይሠራል፣ የጠገበ ሰው "በሞቴ" እየተባለ ይጎረሳል፤ እህሉ ጉሮሮው ላይ ደርሶ እንኳ "ይቺን ብቻ" የምትባል አንዲት የመጨረሻ ጉርሻ አለች፤ ከእሷ በኋላ ደግሞ ሌላ የመጨረሻ አለች። እኔ በዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ወንደላጤ ሆኜ በየሰው ቤት ስበላ የኖርኩ ነኝና ቅሬታ ቢኖረኝም አላወራውም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነገር ነው። ያ ስታጎርሱት ያመሻችሁት እንግዳ በማግስቱ "ዛሬ ደግሞ እኔ ቤት" ቢላችሁ ትሄዳላችሁ? አትቸኩሉ፣ አስቡበት። "ኧረ ምን በወጣህ፣ ለምን ትቸገራለህ" ትሉታላችሁ። እሱም ፈገግ ብሎ ይተወዋል። በዚህ ዓይነት አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን እንግዳ ሆኖ ሊኖር ይችላል፤ ጠግቦ፣ ተከብሮ፣ ብቻውን።

እኔ ይህን ያወቅኩት ቢቸና ነው። ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ሊያበቃ ገደማ ነው፤ እኔ ደግሞ ገና ከኮሌጅ የወጣሁ ትኩስ የጂኦግራፊ አስተማሪ። አዲስ አበባ ተወልጄ ያደግኩ ስለሆንኩ ጎጃም መመደቤ ሲሰማ ዘመዶቼ እንደ ዘማች አልቅሰው ነው የሸኙኝ። ከደጀን ወዲያ ጭነት መኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር እየተላጋሁ ስደርስ በዚያች ከተማ ከእኔ የባሰ ባይተዋር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ለካስ ቀድመውኛል። ሚስተር ኩሪያንና ባለቤታቸው አናማ ከሕንድ አገር፣ ከደቡቡ ጫፍ፣ በኮንትራት መጥተው እሳቸው ሒሳብ እሷ ሳይንስ ሲያስተምሩ ዓመት አልፏቸዋል። ባልየውን አንቱ እያልኩ ሚስቲቱን እሷ ማለቴን አትታዘቡኝ። የሳቸው ሽበታቸው አስገድዶኝ ነው፤ እሷ ግን በተዋወቅን በሳምንቱ "ታናሽ ወንድሜን ትመስላለህ" ብላ ነገሩን ጨርሳዋለች።

ሚስተር ኩሪያን ረጅም፣ ቀጭን፣ በበጋም በክረምትም ጥቁር ጃንጥላ የማይለያቸው ሰው ናቸው። ተማሪዎቹ ከሒሳቡ በፊት የተማሩት የሳቸውን የራስ አነቃነቅ ነው። ታውቁ እንደሆነ እነሱ አገር ሰው ሲስማማ ራሱን እንደ እኛ ወደ ታች አይነቀንቅም፤ ወዲህና ወዲያ ዘንበል ዘንበል ያደርገዋል። ለእኛ ይህ "እንጃ" ማለት ነው። አንድ ልጅ ሰሌዳው ላይ መልሱን ይጽፍና ዞር ብሎ ሲያያቸው ራሳቸው ዘንበል ዘንበል ይላል፤ ልጁ ተሳስቻለሁ ብሎ ያጠፋዋል፤ ሌላ ይጽፋል፤ አሁን ደግሞ ራስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ልጁ ደስ ብሎት ወደ ቦታው ይመለሳል። የመጀመሪያው ዓመት እንዲህ ትክክለኛው መልስ ሲጠፋ፣ ስህተቱ ሲጻፍ ከረመ ይባላል። እኔ በደረስኩ ጊዜ ግን ተማሪው በሙሉ ለምዶት ነበር። እንዲያውም አልፎ፣ የአማርኛ አስተማሪያችን "ገባችሁ?" ሲሉ ክፍሉ በሙሉ ራሱን አንድ ላይ ዘንበል ዘንበል ቢያደርግባቸው፣ ተላገዱብኝ ብለው ለዲሬክተሩ ከሰዋል።

አናማ ደግሞ አጭር፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ናት። የቢቸናን ጥቁር ጭቃ በአንድ እጇ የሳሪዋን ጫፍ ሰብስባ፣ በሌላው የጠመኔ ካርቶኗን ይዛ ስትሻገረው እኔ በቦቲ ጫማ የምሰምጥበት ላይ እሷን ጭቃው አይነካትም። ገበያ ትወጣለች። አማርኛውን ከተማሪዎቿ ለቃቅማ ለቃቅማ ሰላምታው ሳይቀር ችላዋለች፤ የልጁን፣ የከብቱን፣ የአዝመራውን ደኅንነት ጠይቃ ሳትጨርስ ሽንኩርት አትገዛም። ሰው ይወዳታል። በዓል ሲሆን ሁለቱም ይጠራሉ፣ ይጋበዛሉ፣ ይጎረሳሉ፤ ሚስተር ኩሪያን አንድ ጊዜ ከሦስት ቤት ተከታትለው ተጠርተው ሰኞን ሙሉ ቁጭ ብለው ነው ያስተማሩት። ነገር ግን ከከተማው ሰው እነሱ ቤት ተቀምጦ እህል የቀመሰ አንድም አልነበረም።

ክፋት አይደለም። የቤቱ ሃይማኖት ስላልታወቀ ነው። ሕንድ የተባለ ሁሉ ላም የሚያመልክ ነው ተብሎ ገና ሲመጡ ተፈርዷል፤ ታዲያ ምን ተብሎ እንደተባረከ ያልታወቀ እህል እንዴት ይበላል? አይጠየቁም ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኛ ሰውን ፊት ለፊት ሃይማኖቱን የምንጠይቅ ባለጌዎች ነን እንዴ? እነሱም በበኩላቸው ሲቀጠሩ ከሕዝቡ ጋር ስለ ሃይማኖት እንዳያወሩ አደራ ተብለዋል። እኛ በጨዋነት ዝም፣ እነሱ በኮንትራት ዝም፣ ዓመቱ እንዲሁ አለፈ።

እኔ? እኔማ እበላለሁ። "የአዲስ አበባ ልጅ፣ ሆዱ ሃይማኖት የለው" ይሉኝ ነበር፤ ለወንደላጤ ይህ ስድብ አይደለም። እሑድ እሑድ ምሳዬ እነሱ ዘንድ ነው። አናማ ከአገሯ ስድስት የሸክላ ሳህን፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ አንድም ሳይሰበርባት አምጥታለች። ሁለቱ የነሱ፣ አንዱ የእኔ፤ የቀሩት ከመደርደሪያው ወርደው አያውቁም። አንድ እሑድ ስገባ እነዚያን ያልተነኩትን አውርዳ ስታጥብ አገኘኋት።

"አልቆሸሹም እኮ" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "እናቴ ቤት ምሳ ላይ ሰው የማይሞላበት ቀን አልነበረም። እዚህ ምንም አልጎደለኝም፤ ሁሉ ሰው ጥሩ ነው። በሬን የሚያንኳኳ ብቻ የለም።" ሳህኑን በጨርቅ እያደረቀች ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ሆዴ ባባ። ምሳውን ግን በላሁ።

የሦስታችንም አከራይ ወይዘሮ የሺእመቤት ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ትልቁ ቤት የሳቸው፣ ከጎኑ ያለው ባለ ሁለት ክፍል ቤት የነአናማ፣ ጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል የእኔ። ወይዘሮ የሺእመቤት የገብርኤል ማኅበርተኛ ናቸው። ማኅበር ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም፤ ላላዩት ልጆች ስል ብቻ፦ ማኅበርተኞች በየወሩ በመልአኩ ቀን በየተራ በየቤታቸው ይሰበሰባሉ። ተረኛው ጠላና ዳቦ ያሰናዳል። ጽዋው፣ ያው በጨርቅ የተሸፈነው የጠላ ዕቃ፣ መሀል ይቀመጣል። ካህኑ ይጸልያሉ፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የቀረ ይታማል። በመጨረሻ ካህኑ ጽዋውን አንስተው ለሚቀጥለው ወር ተረኛ ያስረክባሉ። የተቀበለ እንግዲህ ተቀበለ ነው። የተቀበሉትን ጽዋ መመለስ የለም፤ ከተቀባይ እጅ መንጠቅም የለም፤ ሁለቱም መልአኩን መዳፈር ነው።

የኅዳር ገብርኤል ተራው የወይዘሮ የሺእመቤት ነበርና እኛን ተከራዮቻቸውንም ጠሩን። ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ንፍሮው፣ ድፎ ዳቦው ቀረበ። ሁሉም ነገር በወጉ ሄዶ ሲያልቅ የማኅበሩ ካህን፣ የኔታ ጥበቡ፣ ተነሡና ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ዘረጉ። የኔታ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ጉባኤያቸው ውስጥ በአንድ ቃል ተማሪ ያስለቅሳሉ ይባላል፤ ክንዳቸው ግን የሽማግሌ ክንድ ነው። ተቀባዩ አቶ አለኸኝ ነበሩ። አቶ አለኸኝ ደግ ሰው ናቸው፤ ተራ ሲደርሳቸው ብቻ አይቸኩሉም። መጀመሪያ ነጠላቸውን ፈለጉ። ከዚያ ከዘራቸውን። ነጠላውም ከዘራውም ተገኝቶ "እግሬ ደነዘዘብኝ" አሉና ጉልበታቸውን ማሸት ያዙ። የየኔታ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

አናማ ከአቶ አለኸኝ ቀጥላ ተቀምጣ ነበር። እሷ ያየችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አንድ ሽማግሌ ዕቃ ይዘው እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል፣ የሚቀበላቸው ሰው ጠፍቷል። በአገሯ ይህ ነውር ነው። ብድግ አለችና በሁለት እጇ ተቀበለቻቸው፤ ጎንበስ ብላም ጽዋውን ግንባሯ ላይ አስነካችው። ጓዳ አካባቢ የነበሩት ሴቶች ጽዋ እጅ ሲቀይር ብቻ አይተው እንደ ልማዳቸው እልልታውን አቀለጡት። ማን እንደተቀበለ የታየው እልልታው ካለቀ በኋላ ነው።

የኔታ ባዶ እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ሚስተር ኩሪያን አንድ ነገር እንደተበላሸ ገብቷቸው ጃንጥላቸውን ጨበጡ። መጀመሪያ የተናገሩት አቶ አለኸኝ ናቸው። "እንግዲህ መልአኩ ከፈቀደ እኛ ምን እናደርጋለን" አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። ያ የደነዘዘ እግር ሲቀመጡ ምንም አላስቸገራቸውም።

በማግስቱ ማኅበርተኛው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ተሰብስቦ ሲከራከር ዋለ። ማኅበሩ ከአያቶቻቸው ጀምሮ አንድ ወር ታጉሎ አያውቅም። ጽዋውን እንቀማት የሚል ደፋር አልተገኘም፤ ሄደን እንጠጣ የሚልም አልተገኘም። ዞሮ ዞሮ እኔ ተጠራሁ፣ የተቀበለችው ምን እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ እንድጠይቃት። ሄጄ ነገርኳት። በሚመጣው ወር ይህ ሁሉ ሰው፣ ከነቤተሰቡ፣ አንቺ ቤት መጥቶ ሊበላና ሊጠጣ ነው አልኳት። ትደነግጣለች ብዬ ወንበር አዘጋጅቼላት ነበር። ፊቷ በራ።

"እዚህ? እኛ ቤት?"

"እዚህ።"

"ሁሉም?"

ሁሉም ለማለት አፌን ይዞኝ "ተስፋ አለ" አልኳት። ሚስተር ኩሪያን ከጠረጴዛቸው ቀና ብለው "ጠላ መጥመቅ ኮንትራታችን ውስጥ የለም" አሉ። የሰማቸው ግን አልነበረም፤ አናማ ጌሾ ስንት ዓይነት እንደሆነ እየጠየቀችኝ ነበር።

አሁን የነገሩን ክብደት ተመልከቱልኝ። ይህች ሴት ዓመት ሙሉ በሯ እንዲንኳኳ ስትጠብቅ ኖራ አሁን በአንድ ቀን ከተማው ሊመጣላት ነው፤ ካልመጡ ደግሞ ያው ባይተዋርነቷ በእልልታ ተረጋገጠላት ማለት ነው። ማኅበርተኛው "አንተ የነሱን እህል ትበላለህ፣ ሃይማኖታቸውን አጣራ" ብሎ ሰላይ አደረገኝ። ሰላይነቱን ተቀበልኩ፤ ግን እኔም የጨዋ ልጅ ነኝና ዙሪያ ጥምጥም ሄድኩ።

"አገራችሁ ሃይማኖት ብዙ ነው አይደል?" አልኳቸው ሚስተር ኩሪያንን።

"ብዙ ነው" አሉና ፈተና ማረማቸውን ቀጠሉ።

"ስለ ላምስ ምን ይባላል?"

አሰቡ። "ወተቷ ጥሩ ነው" አሉ። ራሳቸውም ዘንበል ዘንበል አለ። ለማኅበርተኛው ይህን ይዤ ሄድኩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ለስለላ አልላከኝም።

አናማ በዚህ መካከል ጥመቃ ጀምራለች። ጋን ተዋሰች፣ በወይራ አጠነች፣ ብቅል አስፈጨች፤ ከዚያም ሙቀት ይስማማዋል ብላ ጋኑን እውስጠኛው ክፍል፣ መኝታቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ከትምህርት ቤት የተዋሰችውን ቴርሞሜትር ጥንስሱ ውስጥ ትነክርና ቁጥሩን ጮክ ብላ ለባሏ ትነግራለች። እሳቸውም ተስፋ ቆርጠው ማዳመጥ ይዘዋል። ትልቁ መከራ ግን የወይዘሮ የሺእመቤት ነበር። እሳቸው በጠላቸው የታወቁ ሴት ናቸው፤ ከግድግዳ ወዲያ ጋን ሲበላሽ እየሰሙ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳቸዋል? ቤቱ ውስጥ ደግሞ አይገቡም። ስለዚህ ጠዋት ማታ እየመጡ ደጃፉ ላይ ይቆማሉ፣ እግራቸው መድረኩን ሳያልፍ አንገታቸውን ብቻ አስገብተው በአፍንጫቸው ይፈርዳሉ።

"ጌሾው በዛ።" ከውስጥ አናማ ትቀንሳለች።

"እንኩሮው ሳይበርድ ነው የጨመርሽው፣ አይደለም?" ከውስጥ ቴርሞሜትሩ እንደገና ይነከራል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እኔ ግቢው ውስጥ ሸሚዜን አጥባለሁ፣ እሳቸው ቦታቸው ላይ ቆመዋል። ከውስጥ የመንተክተክ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ አናማ "እትዬ!" ብላ ጠራች። ድፍድፉ ገንፍሎ በጋኑ አፍ እየወጣ ነው። ወይዘሮ የሺእመቤት መድረኩን አዩ፤ ጋኑን ሰሙ። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ገቡ። መጀመሪያውን ክፍል አለፉ፣ ውስጠኛውን ገቡ፤ "ወግጂልኝ ከዚህ" የሚለው ድምፃቸው ለእኔ ድረስ ተሰማኝ። ብዙ ከቆዩ በኋላ እስከ ክርናቸው አረፋ ለብሰው ወጡ። ፊታቸው ግን ስለ ጠላ የተጨነቀ ሰው ፊት አልነበረም።

"አንተ ልጅ" አሉኝ፣ "እዚህ ቤት ስንት ጊዜ በልተሃል?"

"ብዙ ጊዜ።"

"ታዲያ አላየህም?"

"ምኑን?"

"እመቤታችን ከነልጇ፣ መስቀሉ ከጎኗ፣ መብራቱ በርቶላት፣ ዓመት ሙሉ እዚያ ጓዳ ውስጥ ብቻዋን ስትቀመጥ!"

እውነቴን ነው፣ አላየሁም። ውስጠኛው ክፍል ገብቼ አላውቅም፤ ባልገባም ደግሞ መጠየቅ ይቻላል፤ እኔ ግን ስሄድ የማየው ሳህኑን ነበር።

የኔታ ዕለቱን መጡ። አሁን ሥዕሉ ስለታየ መጠየቁ ነውርነቱ ቀርቷል፤ በቀጥታ ጠየቁ፤ እኔ አስተረጎምኩ። ሚስተር ኩሪያን ዲሬክተሩ የለ እንደሆነ ግራ ቀኝ አይተው፣ አባቶቻቸውን ያጠመቀው ሐዋርያው ቶማስ እንደሆነ፣ አሁንም እንደ እኛው የልደት ጾም ላይ እንደሆኑ ተናገሩ። የኔታ ጺማቸውን አሻሹ።

"ቶማስ ሕንድ መሄዱንማ በየዓመቱ የማነበው እኔው ነኝ" አሉ። "ቆሜ፣ ጮክ ብዬ። ሰዎቹ እስከ ዛሬ እዚያ ይኖራሉ ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኩም።" ቀጥለውም እንደ መሳቅ አሉና "ለመሆኑ ምነው ዝም አላችሁ?" አሏቸው።

"አልተጠየቅንም" አሉ ሚስተር ኩሪያን።

ነገሩ አለቀ ብላችሁ ከሆነ ሰውን አታውቁትም። ወሬው ከተማውን ሲዞር "ሥዕልማ ማንም ይሰቅላል" የሚልም ነበረ፤ "ሃይማኖቱስ ይሁን፣ ጠላው በመነጽር ነው የተጠመቀው አሉ" የሚልም ነበረ፤ ቴርሞሜትሩን መሆኑ ነው። ስለዚህ የታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ እኔ ከአናማ ይበልጥ ፈራሁ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ስድስቱ ሳህኖች በወይዘሮ የሺእመቤት ጣባና ሰፌድ ታጅበው ወርደዋል። ቢጫ ሩዝ አለ፤ በሰናፍጭ ፍሬ የተቁላላ ምስር አለ። የኔታና ወይዘሮ የሺእመቤት ተቀምጠዋል። ሌላ ሰው የለም። ሰዓቱ አለፈ። አናማ አዲስ ሰማያዊ ሳሪዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። መጀመሪያ ፈገግ ብላ ነበር የቆመችው፤ ቆይታ ሳሪዋን ማስተካከል ጀመረች፤ ቆይታ እሱንም ተወችው። ሚስተር ኩሪያን ሄደው አጠገቧ ቆሙ።

አላስቻለኝምና ወደ አጥሩ ውጪ ወጣሁ። ማኅበርተኛው እዚያ ነው። እያንዳንዱ፣ ምናልባት የሕንዷ ምግብ ባይበላ፣ ጠላውም ባይጠጣ መልአኩ እንዳያፍር ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር አንዳንድ ነገር ይዞ መጥቷል። አንዱ በጋቢው ሥር ድፎ ዳቦ፣ አንዷ በነጠላዋ ሥር ሽሮ በድስት፣ ሌላው ጠላ በእንስራ። መንገድ ላይ ተገናኙና እርስ በርስ ተፋፈሩ፤ የተሸከመውን የደበቀ ሰው እንዴት ቀድሞ ይገባል? እንደ ጥፋተኛ ልጆች አጥሩን ተደግፈው ቆመዋል።

ያን ጊዜ አቶ አለኸኝ መጡ። አቶ አለኸኝ ባዶ እጃቸውን ነበሩ። የሚደብቁት ነገር ስለሌላቸው ሰውን በግራና በቀኝ ከፍለው፣ "ምን ትገተራላችሁ" እያሉ በመጀመሪያ ገቡ። ሌላው ተከተላቸው።

ቤቱ ሞላ። ግድግዳው ሊገፋ ደረሰ። አናማ የመጀመሪያውን ጠላ ቀድታ ለአቶ አለኸኝ ሰጠች፤ የሰው ሁሉ ዓይን እሳቸው አፍ ላይ ነው። ጠጡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ ጊዜ ደግሞ ጠጡ።

"ጌሾው ትንሽ ደፈር ብሏል" አሉ።

አናማ ተርጉምልኝ ብላ አየችኝ፤ ሳልተረጉም እሳቸው ዋንጫውን ዘረጉላት። "ድገሚኝ እንጂ ልጄ።"

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ እንኳን ላወራው ሳስታውሰው ደስ ይለኛል። የኔታ ጸለዩ፤ በጸሎቱ መሀል ቶማስን ከገብርኤል ቀጥለው ጠሩት። ሩዙን መጀመሪያ በጥርጣሬ፣ ኋላ በሽሚያ በሉት። አናማ በትንሽ ሳህን ያቀረበችውን የቃሪያ ድልህ አንድ የበርበሬ ጀግና ነኝ የሚሉ ሰውዬ በሙሉ ጉርሻ ወሰዱና እንባቸው እየወረደ "ምንም አይልም" አሉ። በየጋቢው ሥር የተደበቀው ሁሉ ቀስ በቀስ ወጥቶ ለአንድ ሠርግ የሚበቃ እህል ሆነ። ሚስተር ኩሪያን ሦስተኛው ዋንጫ ላይ ለየኔታ የክበብን ስፋት ሊያስረዱ ሲሞክሩ፣ የኔታም በአጸፋው ቅኔ ሲዘርፉላቸው፣ ሁለቱም ሳይግባቡ በጣም ተስማምተው ነበር። ሁለቱም ራሳቸውን ዘንበል ዘንበል ያደርጋሉ።

መጨረሻ ላይ የኔታ ጽዋውን አነሱ። በዚህ ጊዜ አልዘረጉም፤ ሌላ እግር ሳይደነዝዝ ቀጥ ብለው ሄደው አቶ አለኸኝ እጅ ላይ አስቀመጡት። እልልታው ቀለጠ። ሰው ሁሉ ለመሄድ ብድግ ሲል አናማ ግን ጽዋው ሲወጣ በዓይኗ ተከተለችው፤ ፊቷ ጠወለገ። ቀስ ብላ፣ በራሷ አማርኛ፣ ወይዘሮ የሺእመቤትን ጠየቀቻቸው።

"በሚመጣው ወር አትመጡም?"

ለካስ እሷ ጽዋው እሷ ቤት ከገባ በኋላ በዚያው የሚቀር፣ ሰውም በየወሩ የሚመጣ መስሏት ኖሯል። ለየወሩ የሚሆን ጌሾ ገዝታለች። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ጣራ አየሁ። ወይዘሮ የሺእመቤት ሁለት እጇን ያዙና እንደ ሕፃን አስጠጓት።

"ጽዋው ይሄዳል፣ ልጄ" አሏት። "እኛ እንመጣለን።"

መጡም። ይህን ስል ለአፌ አይደለም፤ በማግስቱ ወንፊት የሚዋስ መጣ፣ ከሰዓት በኋላ ወንፊቱን የሚመልስ መጣ፣ የመጣው ሁሉ ተቀመጠ። የምጥ፣ የጥርስ፣ የዶሮ በሽታ ሁሉ ለሳይንስ አስተማሪዋ ይቀርብ ጀመር። የኔታ ቅኔ ሲጠፋባቸው ብቅ ይላሉ፤ አቶ አለኸኝ ጠላው ሲታወሳቸው፣ ማለትም በየቀኑ። ከስድስቱ ሳህን ሁለቱን የጎረቤት ልጆች ሰበሩት፤ አናማ ስብርባሪውን ስትለቅም ስትዘፍን ሰምቻታለሁ። የእኔ የእሑድ ወንበርም በሌላ ሰው ተያዘብኝ። ሚስተር ኩሪያን ብቻ እየከሱ ሄዱ። የፈተና ወረቀት የሚያርሙበት ጥግ ጠፋ፤ ክፍል ውስጥ ማረም ጀመሩ፤ ኋላ ሰው እዚያም ተከትሏቸው መጣ። በሰኔ ወር ወደ ሞጣ እንዲያዛውሯቸው ጠየቁ።

"ለምን ሞጣ?" አልኳቸው።

"ማንም አያውቀንም" አሉኝ፣ ዓይናቸው በተስፋ በርቶ። "ጸጥታ አለ።"

ከተማው እያለቀሰ ሸኛቸው። አናማም አለቀሰች፤ እኔም፣ ምሳዬን ጭምር አስቤ፣ አለቀስኩ። ከዚያ ክረምቱ ገባ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ወሬ ጠፋ። በጥቅምት ገደማ አንድ የሞጣ ነጋዴ በቅሎዎቹን እየነዳ ቢቸና ገበያ ገባና ስለ ሕንዶቹ ጠየቅኩት። በደንብ ያውቃቸዋል። ባለፈው የሚካኤል ዕለት ሴትዮዋ ጽዋ ተቀብላ በእልልታ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ አይቷታል።

"እንግዲያው አሁንም በስህተት ነው" አልኩት፣ እየሳቅኩ።

"የምን ስህተት?" አለኝ። "ተራው የሌላ ሰው ነበር አሉ። ተሻምታ ነው የወሰደችው።"

"ባልየውስ?"

"ባልየውማ" አለ ጭነቱን እያጠበቀ፣ "ገበያ መሀል ቁጢጥ ብለው ጌሾ ሲያሸቱ ነው የተውኳቸው።"